«አይሰሙም» — የኬጂ 1 ልጆች ተረት ላይ የሚጠፉት የት ነው?

ኬጂ_መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኬጂ 1 ነው የማስተምረው፤ 34 ልጆች፣ ዕድሜያቸው 4 ዓመት አካባቢ። ክፍሉ 6 በ7 ሜትር ይሆናል፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ። ተረት የሚነገረው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከመክሰስ በኋላ ነው። ልጆቹ በአራት ረድፍ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ተረት ነጋሪዋ ከፊት ትቆማለች።

ያልገቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ዓይናቸውን ይተክላሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ መነካካት፣ መንሾካሾክ ይመጣል። የፊተኞቹ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። ቦታ ሲቀያየሩም ያው ነው፤ ኋላ የሄደው ይረብሻል።

ሁለተኛ፣ መስኮት መስኮቱን የሚያይ ልጅ ስለ ተረቱ ሲጠየቅ በትክክል ይመልሳል፤ ፈጥጦ ሲያይ የነበረው ደግሞ ምንም አያውቅም።

ሦስተኛ፣ «ደብተራችሁን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ፣ ወንበራችሁን አስገብታችሁ በሩ ላይ ተሰለፉ» ሲባሉ ሁሉም ወደ በሩ ይሮጣሉ።

አራተኛ፣ አንድ ልጅ ስሙ ሲጠራ አንዳንድ ቀን ዞር ይላል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ። ወላጆቹ «እልኸኛ ነው፣ ሲፈልግ ይሰማል» ይላሉ።

የ4 ዓመት ልጅ ስንት ደቂቃ ማዳመጥ ይችላል? ከየትስ ልጀምር?

ንግግር_ሕክምና፦

ጥያቄሽ በደንብ የተመለከተ ሰው ጥያቄ ነው እህቴ፤ ግማሹን መልስ ራስሽ ጽፈሽዋል። ችግሩ «አይሰማም» የሚለው ቃላችን ነው። በአማርኛ ሰማ ማለት ድምፁ ጆሮው ገባ ማለትም ነው፣ ነገሩ ገባው ማለትም ነው፣ ታዘዘ ማለትም ነው። ልጁ ላይ ግን ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሲሰናከል ሌላውን ብታክሚ አይድንም። ድምፁ መድረስ አለበት፤ የደረሰውን ድምፅ ከሌላ ጫጫታ መለየት አለበት፤ የለየውን ቃል እስኪፈጽመው ድረስ በአእምሮው መያዝ አለበት።

የረድፉ ነገር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ቦታ ቀይረሽ ረብሻው ከወንበሩ ጋር ከቀረ ጥፋቱ የልጁ ጠባይ አይደለም። ስለ ድምፁ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ፣ እሱ ይጻፍበት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከጫጫታ ውስጥ አንድ ድምፅ መርጦ መከተል ቀስ ብሎ የሚበስል ችሎታ ነው። ሕፃን ከ4 ወር ተኩል ጀምሮ ስሙን ከሌላ ስም ይለያል፤ ይህ ግን ጸጥ ባለ ቦታ ነው። ከበስተጀርባ ሌላ ሰው ሲያወራ የ5 ወር ሕፃን ስሙን የሚለየው የሚጠራው ድምፅ ከሌላው በ10 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሲበልጥ ነው። ልዩነቱ 5 ዴሲቤል ብቻ ከሆነ እስከ 13 ወር አካባቢ አይሆንለትም። እኛ አዋቂዎች ሁለቱ እኩል ሲሆኑም እንከተላለን፣ ስለዚህ የልጁ ችግር አይታየንም። እንደ ማራገቢያ ያለ ወጥ ድምፅ ላይ ልጆች አዋቂን የሚያክሉት ወደ 10 ዓመት ገደማ ነው፤ የሰው ወሬ ሲሆን ደግሞ 13 ወይም 14 ይደርሳሉ። ሁለት ልጆች ጎኑ ሲንሾካሾኩ ለ4 ዓመት ልጅ ከመንገድ መኪና የከፋ ነው ማለት ነው። አንድ ጥንድ ሲጀምር ረድፉ በሙሉ የሚከተለውም ለዚህ ነው፤ የቀሩት ተረቱ ስለጠፋባቸው እንጂ ስለተሰላቹ ላይሆን ይችላል።

ዓይንን በተመለከተ፦ ማየት ማዳመጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። የ5 ዓመት ልጆች የልጆች ቴሌቪዥን እንዲያዩ ተደረገ፤ ግማሾቹ መጫወቻ በተሞላ ክፍል፣ ግማሾቹ ያለ መጫወቻ። መጫወቻ የነበራቸው ስክሪኑን ያዩት የሌሎቹን ግማሽ ያህል ጊዜ ነው፤ የተረዱት ግን እኩል ነው። እጃቸው እየሠራ ጆሯቸው ይጠብቃል፣ ድምፁ ወሳኝ ነገር እንደመጣ ሲነግራቸው ቀና ይላሉ። ስለዚህ «እኔን እዩኝ!» እያልሽ ተረቱን ስታቋርጪ የሚያዳምጠውንም ታስወጪዋለሽ። ማረጋገጥ ከፈለግሽ በዓይን ሳይሆን በጥያቄ አረጋግጪ፤ መልሱም በእጅ ይሁን። «ጥንቸሏ የገባችው የት ነው? በጣት አሳዩኝ»፤ ሥዕሉ ሁለት ቦታ ከተለጠፈ ዓይናፋሩም ይቆጠራል። ከጠየቅሽ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ዝም በዪ። ረጅም ይመስላል፤ ብዙ አስተማሪ ግን አንድ ሰከንድ ሳይሞላ መልሱን ራሱ ይናገራል።

የበሩ ነገር የአማርኛ ሰዋስው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ከታችሁ… አስገብታችሁ… ተሰለፉ»፤ ሦስት ሥራ አለ፣ ትእዛዝ የሚመስለው ግን የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳይቋጩ ተንጠልጥለው ይጠብቃሉ፤ ልጁ ሁለቱን ተሸክሞ ሦስተኛውን መጠበቅ አለበት። ሲደርስ ትኩሱም፣ ጎልቶ የተነገረውም «ተሰለፉ» ነው፣ ይሮጣል። በተለመደው የዕድገት መለኪያ አንድ ልጅ ያለ ምልክት በቃል ብቻ የተነገረውን አንድ ትእዛዝ የሚፈጽመው በ18 ወር፣ ሁለት ተከታታይ ትእዛዝ ደግሞ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ እሱም ቤት ውስጥ፣ ለብቻው፣ ከሚያውቀው ሰው። ሰንሰለቱን በጥሺው፦

«ደብተር ወደ ቦርሳ!» ብለሽ አብዛኞቹ እስኪጨርሱ ጠብቂ። «ወንበር ግፉ!» ጠብቂ። «በሩ ላይ ተሰለፉ።»

ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ሠላሳ ልጅ ከበር ላይ መመለስ ግን የበለጠ ያባክናል።

«ከ… በፊት» የሚለውም እንደዚሁ ነው። «ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ» ስንል መጀመሪያ የሚሰማው መብላት ነው፣ መጀመሪያ የሚሠራው ግን መታጠብ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ በተነገረው ቅደም ተከተል ነው የሚሠሩት። «ታጥባችሁ ብሉ» በይ፤ ቃሉና ሥራው አብረው ይሄዳሉ። «አትሩጡ»ን ደግሞ እኔ አልወደውም፤ ክልከላው ያለው ፈጥና በምታልፍ አንዲት «አት» ላይ ነው፣ የሚቀረው «ሩጡ» ነው። «በቀስታ ሂዱ» ይሻላል።

የደቂቃውን ቁጥር አልሰጥሽም። «በዕድሜው ልክ ደቂቃ፣ ወይም በዕድሜው ሁለትና ሦስት እጥፍ» የሚለው በየቦታው የሚዞር ስሌት እንጂ ሕግ አይደለም። ያው ልጅ በቅርብ ሆኖ የሚያውቀውን ተረት ሩብ ሰዓት ያዳምጣል፣ ከአራተኛ ረድፍ አዲስ ተረት ደግሞ ሁለት ደቂቃ።

ኦዲዮ_አንገት_በላይ፦

የድምፁን ልውሰድ። መምህርት፣ የክፍልዎን ልክ ስለጻፉልን በቁጥር ማየት ይቻላል።

በመደበኛ ጉልህ ንግግር ድምፅዎ ከአፍዎ 1 ሜትር ላይ 65 ዴሲቤል ያህል ነው እንበል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፦ 2 ሜትር ላይ 59፣ 4 ሜትር ላይ 53። ሠላሳ አራት ልጅ ወንበር ላይ ሲቁነጠነጥ የክፍሉ ጫጫታ በቀላሉ 55 ይሆናል። ስለዚህ ለፊተኛው ልጅ ድምፅዎ ከጫጫታው 4 እስከ 10 ዴሲቤል በላይ ሆኖ ይደርሰዋል፣ ለኋለኛው ግን ከጫጫታው በታች። ለትንንሽ ልጆች የሚመከረው ንግግሩ ከጫጫታው በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ነው። ፊት ያሉትም ያን ያህል አያገኙም፤ የፊትዎን እንቅስቃሴ በማየት ነው የሚያካክሱት።

ይህ እንግዲህ ገደል ማሚቶውን ሳንቆጥር ነው። ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ድምፅ አይውጡም፣ ይመልሳሉ። የተመለሰው ድምፅ ጉልበት ይጨምራል፣ ጥራት ግን ይቀንሳል፤ የቀደመው ክፍለ ቃል ጭራ ቀጣዩን ይሸፍነዋል። አማርኛ ላይ ጉዳቱ ይከፋል። «መታ» እና «መጣ»ን የሚለያቸው አፍ ተዘግቶ በሚቆይባት አጭር ዝምታና ወዲያው በምትከተል ቅጽበታዊ ፍንዳታ ላይ ያለ ነገር ነው። የሚጠብቅና የሚላላ ፊደልም እንደዚሁ በርዝመት ብቻ ይለያል፤ ሰፊ ልብስ ሰፊውና ሰፊ ሜዳው። ማሚቶ ዝምታዋን ሲሞላት ልዩነቱ ይጠፋል። አዋቂ ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል፤ የ4 ዓመት ልጅ የሚገምትበት ስንቅ ገና የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመማሪያ ክፍል የሚመከረው የጀርባ ጫጫታ 35 ዴሲቤል፣ የማሚቶ ጊዜ (ድምፁ ከቆመ በኋላ ማሚቶው እስኪጠፋ የሚወስደው) ደግሞ 0.6 ሰከንድ አካባቢ ነው። የእርስዎን ለመገመት ክፍሉ ባዶ ሳለ መሃል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ቁርጥ ካላለና ጭራ እየጎተተ ከሄደ ብዙ ነው። የስልክ የድምፅ መለኪያ ለዚህ አይረዳም፤ ለጫጫታ ማነጻጸሪያ ብቻ ይጠቀሙበት (ጠዋትና ከሰዓት፣ መስኮት ተዘግቶና ተከፍቶ)፣ ቁጥሩን እንዳለ አይመኑ።

ጩኸት መፍትሔ አይደለም። ሲጮኹ የሚጎላው አናባቢው ነው፣ ተነባቢው ያው ደካማ ሆኖ ይቀራል፤ ማሚቶውም አብሮ ይጮኻል። ገንዘብ የማይጠይቀው መፍትሔ መቅረብ ነው። ወንበሩን ትተው ልጆቹን ሰሌን ወይም ምንጣፍ ላይ በግማሽ ክብ ያስቀምጡ፤ የመጨረሻው ልጅ ከአፍዎ ከ2 ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። 34 ልጅ በዚህ ርቀት አይገባም፣ ስለዚህ ለሁለት ይክፈሉት፦ 17ቱ ተረት ላይ፣ 17ቱ ከረዳት ጋር ውጭ ወይም ድምፅ የሌለው የእጅ ሥራ ላይ። ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ አፍዎ ከጆሯቸው ቁመት ጋር ይስተካከል። መስኮቱ ከጀርባዎ ከሆነ ፊትዎ ጥላ ይሆናል፣ ከንፈርዎ አይታይም፤ ዞር ይበሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ተረቱን ይተዉት። በዚያ ጫጫታ ማንም አያሸንፍም፤ ሥዕልና ሸክላ ይሁን።

አሁን ወደዚያ ልጅ። «አንዳንድ ቀን ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማም» የሚለውን ስሰማ መጀመሪያ የማስበው እልህን ሳይሆን ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የሚቋጠር ፈሳሽን ነው። ከጉንፋን በኋላ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም የለውም፣ መስማትን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፣ ይመላለሳል። ከላይ ባሰላነው ላይ 25 ዴሲቤል ቢቀንሱ ምን እንደሚተርፍለት ይታይዎታል። ጸጥ ባለ ቤት በቅርብ ሲጠራ ይሰማል፤ ወላጆቹ «ሲፈልግ» ያሉት እሱን ነው።

ክፍል ውስጥ የሚሠራ ቀላል መመልከቻ አለ። ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጉ። ለልጁ ስኒና ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ይስጡት፣ «ድምፅ ስትሰማ አንድ ፍሬ ስኒው ውስጥ ጣል» ይበሉት፣ ፊት ለፊት ሆነው ሁለት ሦስት ጊዜ ያለማምዱት። ከዚያ ከጀርባው 1 ሜትር ላይ ሆነው ስድስት ድምፆችን በተለመደ የንግግር ጉልበት፣ አንድ በአንድ፣ ቅደም ተከተላቸውን እያቀያየሩ ይበሉ፦ ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ም፣ ሽ፣ ስ። «ስ» እና «ሽ»ን ያለ አናባቢ፣ ትንፋሽ ብቻ። በመካከላቸው ያለው ዕረፍት አንዴ 2 ሰከንድ፣ አንዴ 8 ሰከንድ ይሁን፤ እኩል ካደረጉት ልጁ ምት ቆጥሮ ይጥላል። ጥላዎ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ። ከዚያ 3 ሜትር ላይ ይድገሙት። ያመለጠውን ድምፅና ርቀቱን ጽፈው ለወላጅ ይስጡ፤ የአንገት በላይ ሐኪም ያያል፣ በታምቡር ግፊት መለኪያ ይረጋገጣል። ይህ የማጣሪያ ምልክት እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ስድስቱንም ሰምቶ ነገር ግን ጥርጣሬው ካለ አሁንም ይመርመር።

ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ዘይት፣ ቅጠል፣ ጥጥ ጆሮ ውስጥ መጨመር ምንም አይረዳም፤ ፈሳሹ ከታምቡሩ ጀርባ ስለሆነ አይደርሰውም።

ተረት_አሠልጣኝ፦

ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ተረትን እንደ መልእክት ማስተላለፊያ ብቻ አታድርጉት። አማርኛ ለትኩረት የራሱ መሣሪያ አለው፤ ኬጂዎቻችን ከመጽሐፍ ማንበብ ሲጀምሩ ጣሉት።

«ተረት ተረት!» ስትዪ «የላም በረት!» የሚለው መልስ ጌጥ አይደለም። ልጁ ራሱ ድምፅ አውጥቶ ሲመልስ የጎን ወሬው ይቆማል፣ ሁሉም በአንድ ምት ይገባሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዝምታ ደግሞ ያንቺ ነው። ግን በዚያ ዝምታ ላይ ወዲያው አትዝለዪ፤ አንድ ትንፋሽ ጠብቂና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀምሪ። መልሱ ደካማ ከሆነ አንዴ ድገሚ፣ ሦስተኛ ጊዜ ግን ጩኸት ውድድር ይሆናል። ተረቱ መሃል ላይም በየደቂቃ ተኩሉ የሚመለስ ቃል ይኑር፤ ጅብ ሲመጣ ሁሉም «እህ እህ» ይበሉ፣ በሩ ሲንኳኳ መሬት ይምቱ። ልብ በሉ፣ የሚመልሱት ታሪኩ ውስጥ ያለ ነገር መሆን አለበት። «አጨብጭቡ አንድ ሁለት ሦስት» ብሎ ማቋረጥ ልጁን ከጫካው አውጥቶ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

አንድ ተረት ለአንድ ሳምንት ይያዝ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ቀን የ4 ዓመት ልጅ ማን ማን እንደሆነ ሲለይ ያልቃል፤ ቃላቱን የሚያዳምጠው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ነው። አዲስ ቃል ከአራት አይብለጥ፣ ዕቃው ካለ በእጅ ይያዝ። ሙቀጫ የሚለውን ቃል የማያውቅ የኮንዶሚኒየም ልጅ ብዙ ነው፤ «ሙቀጫው ውስጥ ተደበቀች» ሲባል የት እንደገባች ስለማያውቅ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አይከተልም። «ትኩረቱ ጠፋ» የምንለው አንዳንዴ አንድ ቃል ናት።

እናት_ስቶክሆልም፦

ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ ልጠይቅ። የ10 ወር ልጅ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ ስዊድንኛ ይሰማል። አማርኛው እንዲጠነክር በቀን አንድ ሰዓት የአማርኛ የልጆች ቪዲዮ ቢከፈትለት ይጠቅማል? ፈዝዞ ነው የሚያየው።

ንግግር_ሕክምና፦

አይጠቅምም፤ መፍዘዙም ማዳመጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሥራ እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ የ9 ወር ሕፃናት ማንዳሪን (የቻይና ቋንቋ) ከሚናገር ሰው ጋር 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 25 ደቂቃ ተጫወቱ፤ የማንዳሪንን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ንግግር በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ የሚያተኩረው ለእሱ ምላሽ በሚሰጥ ሰው ላይ ነው፤ ያየውን የሚያይ፣ ሲል የሚልለት።

ጊዜውም አሁን ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ሕፃናት ሰምተው የማያውቁትን ቋንቋ ድምፆች እንኳ ይለያሉ፤ ከ10 እስከ 12 ወር ላይ ያልተጠቀሙበትን መጣል ይጀምራሉ። ከ4 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ዓይናቸው ከሚያናግራቸው ሰው ዓይን ወደ አፉ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰዓቱን በሁለት ሩብ ሰዓት ለውጪው፦ ፊትሽ ከፊቱ ጋር ትይዩ፣ ግማሽ ሜትር ርቀት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፍቶ። አንቺ የመረጥሽውን አታሳዪው፤ እሱ ያነሳውን ጥሪለት። ማንኪያ ከያዘ «ማንኪያ! ማንኪያውን ያዝካት?» ድምፅሽን ከፍ፣ ለዘብ፣ ጎተት አድርጊው፤ ሰው ይስቃል ብለሽ አትፈሪ፣ ሕፃናት ከአራስነት ጀምሮ ይህን አነጋገር ይመርጣሉ። ቃሉን ግን ሙሉውን በዪ።

ከአያት ጋር በቪዲዮ መደወል ከተቀረጸ ቪዲዮ ይለያል፤ 2 ዓመት ካለፈ በኋላ ልጆች በቀጥታ ጥሪ ቃል ይማራሉ፣ ምክንያቱም አያት ትመልሳለች። አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ አያት ያለችውን ዕቃ እጁ ላይ ያስይዘው። ኔትወርኩ ሲጎተትና መልሱ ሲዘገይ ግን ያው ተራ ቪዲዮ ይሆናል፤ ዘግታችሁ ደውሉ።

ኬጂ_መምህርት፦

እግዜር ይስጥልኝ። ለሁለት ከፍሎ ሰሌን ላይ ማስቀመጡ ይቻላል፣ የበቆሎውንም እንሞክራለን። አንድ ጥያቄ፦ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ብንለጥፍ ማሚቶውን ይቀንሳል ይባላል፣ እውነት ነው? ጣሪያውስ በማዳበሪያ ኮርኒስ ቢሸፈን?

ኦዲዮ_አንገት_በላይ፦

ካርቶኑን ይተዉት። ስስ ስለሆነ የሚነካው በጣም ቀጭን ድምፆችን ብቻ ነው፣ እሱንም በጥቂቱ፤ በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። ማዳበሪያም አቧራ ይይዛል እንጂ ድምፅ እምብዛም አይውጥም። ውፍረት ያለውና አየር የሚያሳልፍ ነገር ነው የሚሠራው፦ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ወፍራም መጋረጃ። ሲሰቅሉት ግድግዳው ላይ አይለጥፉት፤ በገመድ ወይም በእንጨት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ያድርጉት፣ ክፍተቱ ዝቅ ያሉትንም ድምፆች ያስውጠዋል። በጀቱ ለአንድ ግድግዳ ብቻ ከበቃ ከእርስዎ ፊት ለፊት ያለው፣ ከልጆቹ ጀርባ ያለው ይሁን። ለወንበሮቹ እግር ደግሞ የጎማ ቁራጭ ያስሩ፤ ሲሚንቶ ላይ የሚፋጨው ብረት ከልጆቹ ወሬ ይብሳል።